የወር አበባ ሲዛባ ሐኪሙ ምን ይመረምራል?

አንዲት ባለ ትዳር የወር አበባዋ ያለ እርግዝና ሁለትና ሦስት ወር የዘገየ እንደሆነ፣ ምክንያቱን ለመናገር የሚቸገር ሰው በአካባቢዋ አይገኝም። አንዱ «ብርድ መቷት ነው» ይላል፤ ሌላው «ሐሳብ በዝቶባት ነው» ይላል፤ ሦስተኛውም «ውሃው አልተስማማትም» ይላል። ዓመት አልፎ ልጅ ያልተወለደ እንደሆነ ግን ይህ ሁሉ ግምት ወደ አንድ ፍርድ ይለወጥና «መካን ናት» ይባላል። በዚህ ቃል ምክንያት የፈረሰው ትዳርና ያዘነው ልብ ብዙ ነው፤ ቃሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምርመራ ሳይደረግ የሚነገር ነው።

ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን የወር አበባን ከሚያዛቡት ምክንያቶች መካከል እጅግ የተለመደ ስለ ሆነው አንድ ሕመም፣ ይልቁንም ሐኪሞች ይህን ሕመም በምን አኳኋን ለይተው እንደሚያውቁት ልንጽፍ አሰብን። ሕመሙ በሐኪሞች ዘንድ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም ተብሎ ይጠራል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉት 100 ሴቶች መካከል ከ10 እስከ 13 የሚሆኑት ይህ ሕመም አለባቸው። ከእነዚህም ውስጥ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም።

ነገሩን ከአንድ ቦታ ጋር አያይዘን ብናስረዳ ለአንባቢዎቻችን ይቀላል ብለን ኢምባካሲን መርጠናል። ኢምባካሲ በናይሮቢ ከተማ በስተ ምሥራቅ በኩል ያለ ሰፊ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የተከፈተው የኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬ በጆሞ ኬንያታ ስም ስለሚጠራ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በአየር የሚሄድ ኢትዮጵያዊ የኬንያን ምድር መጀመሪያ የሚረግጠው በዚሁ ሰፈር ነው። ፓይፕላይንና ታሲያ በሚባሉት መንደሮች ረጃጅም ፎቆች እጅግ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ በውስጣቸውም ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ተማሪውና ስደተኛው ጎን ለጎን ይኖራል። ከአገሩ ርቆ በሚኖር ቤተ ሰብ ዘንድ እናትና አክስት በአጠገብ ስለማይገኙ፣ ሴቲቱ ምሥጢሯን የምታካፍለው ምናልባት ለባሏ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ባልም ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። በኢምባካሲ የሚሠራው የምርመራ ሥርዓት በአዲስ አበባም፣ በባሕር ዳርም፣ በመቀሌም ያው ነው።

ስለ ሕመሙ ስም

አማርኛን በመማር ላይ ላሉት አንባቢዎቻችን ስንል ስሙን ከፋፍለን እንተረጕመዋለን። ፖሊ በግሪክ ቋንቋ ብዙ ማለት ነው። ሲስት ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ነው። ኦቫሪ የሚባሉት ከማሕፀን ቀኝና ግራ የሚገኙት ሁለቱ የዕንቍላል ማምረቻ ዕጢዎች ናቸው። ሲንድሮም ደግሞ በአንድነት የሚታዩ የሕመም ምልክቶች ስብስብ ነው።

ይሁን እንጂ ስሙ ሰውን ያሳስታል። በዕጢው ውስጥ የሚታዩት ትንንሽ ክብ ነገሮች ተቈርጠው ሊወጡ የሚገባቸው ዕባጮች አይደሉም፤ እድገታቸውን ሳይፈጽሙ የቆሙ የዕንቍላል ከረጢቶች ናቸው። በጤናማ ሴት በየወሩ ብዙ ከረጢቶች ማደግ ይጀምራሉ፤ ከእነዚህም አንዱ ሌሎቹን ቀድሞ ይበስልና ዕንቍላሉን ይለቃል። እርግዝና ያልተከተለ እንደሆነ ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ የወር አበባ ይመጣል። ሆርሞን የሚባሉት፣ ዕጢዎች ወደ ደም የሚልኳቸው ቅመሞች፣ ሚዛናቸው የተዛባ እንደሆነ ግን ከረጢቶቹ ትንንሽ እንደ ሆኑ ይቀራሉ፤ ዕንቍላል አይወጣም፤ የወር አበባም ይዘገያል።

ሚዛኑን ከሚያዛቡት ነገሮች አንዱ አንድሮጅን የሚባለው የወንድነት ሆርሞን መብዛት ነው። ይህ ሆርሞን በማንኛዋም ሴት ሰውነት ውስጥ በጥቂቱ ይገኛል፤ በዚህ ሕመም ጊዜ ግን ከልኩ ያልፋል። ከዚህም ጋር በብዙዎቹ ሕመምተኞች ሰውነቱ ኢንሱሊን ለሚባለው ስኳርን ለሚያስተዳድር ሆርሞን በቀላሉ አይታዘዝም። ሰውነቱም ያልታዘዘለትን ለማስገደድ ኢንሱሊኑን ያበዛል፤ የበዛውም ኢንሱሊን ኦቫሪውን ብዙ አንድሮጅን እንዲያመነጭ ይገፋፋዋል። ሕመሙ በዕንቍላል ማምረቻው ብቻ ተወስኖ የማይቀር፣ መላውን አካል የሚነካ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተጠራ የሊቃውንት ሸንጎ ስሙ እንዲለወጥ ምክር ሰጥቶ ነበር።

ምርመራው እንዴት እየተሻሻለ መጣ?

ጣሊያናዊው ሐኪም አንቶኒዮ ቫሊስኔሪ እ.ኤ.አ. በ1721 ልጅ ያልወለደች አንዲት የገበሬ ሚስት ኦቫሪዎቿ ያበጡ፣ ነጣ ያሉና የሚያበሩ መሆናቸውን ጽፎ ነበር። ሕመሙ በሕክምና መጻሕፍት የራሱን ቦታ ያገኘው ግን እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። በዚያ ዓመት ኢርቪንግ ስታይንና ማይክል ሌቨንታል የተባሉ የቺካጎ ሐኪሞች የሰባት ሴቶችን ታሪክ አሳተሙ። ሐኪሞቹ የሴቶቹን ሆድ በቀዶ ጥገና ከፍተው ከኦቫሪያቸው ላይ ቍራጭ አወጡ፤ የሰባቱም የወር አበባ ተመለሰ፤ ሁለቱም አረገዙ። በዚያ ዘመን ኦቫሪውን በዐይን ማየት የሚቻለው በቢላ ነበረ።

ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1961 ፌሪማንና ጋልዌይ የተባሉ ሁለት የለንደን ሐኪሞች በሴት ሰውነት ላይ የሚበቅለውን የጠጕር ብዛት በነጥብ የሚለኩበትን ዘዴ አወጡ። ቈይቶም አልትራሳውንድ የተባለው፣ በድምፅ ሞገድ የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየው መሣሪያ በየሆስፒታሉ ገባና ኦቫሪውን ያለ ቢላ ማየት ተቻለ። መሣሪያው ግን አዲስ ክርክር አስነሣ፤ ምክንያቱም ኦቫሪያቸው በሥዕሉ ላይ ብዙ ከረጢት የሚያሳይ፣ ነገር ግን ምንም ሕመም የሌለባቸው ሴቶች በብዛት ተገኙ።

ይህን ክርክር ለመቍረጥ ሊቃውንቱ በየጊዜው ተሰብስበዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ፣ በቤቴስዳ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ ጉባኤ ተደረገ። የሮተርዳሙ ጉባኤ ያወጣው ሥርዓት ዛሬም መሠረት ሆኖ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የብዙ አገሮች ሊቃውንት በአውስትራሊያ በሞናሽ ዩኒቨርስቲ አስተባባሪነት ዓለም አቀፍ መመሪያ አወጡ፤ መመሪያውም እ.ኤ.አ. በ2023 ታርሞ እንደገና ወጥቷል። ከዚህ በታች የምንጽፈው በዚሁ በታረመው መመሪያ መሠረት ነው።

ሦስቱ ምስክሮች

በፍርድ ቤት አንድ ምስክር ብቻውን ነገርን እንደማያጸና ሁሉ፣ ለዚህም ሕመም አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም። ሐኪሙ የሚጠይቃቸው ምስክሮች ሦስት ናቸው፤ ከሦስቱም ሁለቱ መገኘት አለባቸው። ሁለቱ ከተገኙም በኋላ፣ ተመሳሳይ ምልክት የሚያመጡ ሌሎች ሕመሞች አለመኖራቸው መረጋገጥ ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ምስክር የወር አበባ መዛባት ነው። የወር አበባ ዙር የሚቈጠረው ደም ከታየበት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በሚቀጥለው ጊዜ ደም እስከሚታይበት እስከ መጀመሪያው ቀን ድረስ ነው። የወር አበባ ማየት ከጀመረች ሦስት ዓመት ባለፋት ሴት ዙሩ ከ21 ቀን ያነሰ ወይም ከ35 ቀን የበለጠ፣ ወይም በዓመት ውስጥ ከስምንት ጊዜ ያነሰ እንደሆነ ተዛብቷል ይባላል። ይህን ለማወቅ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ወደ ሐኪም የምትሄድ ሴት ያለፉትን ወራት ቀኖች ጽፋ ይዛ ብትቀርብ፣ «አንዳንድ ጊዜ ይዘገይብኛል» ከማለት እጅግ የተሻለ ማስረጃ ታቀርባለች።

ሁለተኛው ምስክር የወንድነት ሆርሞን መብዛት ነው። ይህም በሁለት መንገድ ይታወቃል። አንደኛው በዐይን በሚታይ ምልክት ነው፤ በላይኛው ከንፈር፣ በአገጭ፣ በደረትና ከእምብርት በታች እንደ ወንድ ጠጕር ይበቅላል። ሐኪሙ ዘጠኝ የሰውነት ክፍሎችን ተመልክቶ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል፤ እንደ ሕዝቡ ዘርም ከ4 እስከ 6 የሆነ ድምር ጠጕሩ ከልክ ማለፉን ያመለክታል። ብዙ ሴቶች በኀፍረት ጠጕሩን ይላጩታል ወይም ይነቅሉታል፤ ሐኪሙም የተላጨውን ሊያይ አይችልምና፣ ነገሩን ራስዋ ልትነግረው ይገባል። የማይለቅ ብጉርና የራስ ጠጕር መሳሳትም በዚሁ በኩል የሚጠየቁ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ምስክርነታቸው ከሰውነት ጠጕር ይልቅ ደካማ ነው። ሁለተኛው መንገድ የደም ምርመራ ሲሆን፣ የሚለካውም ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን ነው።

ሦስተኛው ምስክር የኦቫሪው መልክ ነው። በአልትራሳውንድ ሲታይ በአንዱ ኦቫሪ ውስጥ 20 ወይም ከዚያ በላይ ትንንሽ ከረጢቶች ከተገኙ፣ ወይም የኦቫሪው መጠን 10 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ማለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ውሃ ከሚያህለው ልክ ከደረሰ፣ ምስክሩ ተገኘ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሮተርዳም የተወሰነው የከረጢት ቍጥር 12 ነበረ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያዎቹ ጥርት አድርገው ማሳየት ስለጀመሩ፣ ቀድሞ የማይታዩት ከረጢቶች ታዩ፤ በቀድሞው ልክ ብንፈርድ ጤነኛይቱም ሕመምተኛ ልትባል ሆነ። ቍጥሩ ወደ 20 ከፍ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ትንንሾቹ ከረጢቶች በደንብ የሚቈጠሩት መሣሪያው በብልት በኩል ሲገባ ስለሆነ፣ በሆድ ላይ ብቻ በሚታይበት ጊዜ ሐኪሙ ይልቁን በኦቫሪው መጠን ይመራል።

የ2023ቱ መመሪያ ለአዋቂ ሴቶች በአልትራሳውንድ ፈንታ የደም ምርመራ ሊደረግ እንደሚችል ፈቅዷል። የሚለካውም ከትንንሾቹ ከረጢቶች የሚመነጭ አንቲ ሙለሪያን የሚባል ሆርሞን ነው። ሁለቱን በአንድነት ማድረግ ግን አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ገንዘብንም ድካምንም የሚያድን አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምስክሮች፣ ማለት የወር አበባ መዛባትና የወንድነት ሆርሞን መብዛት፣ በአንዲት አዋቂ ሴት ላይ አብረው ከተገኙ፣ ሕመሙን ለማወቅ ሲባል አልትራሳውንድ መነሣት ግዴታ አይደለም። «ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንደሚባለው፣ ሁለቱ ያለ ሦስተኛው ይበቃሉ። አልትራሳውንድ አንድ ብቻውን የመጣ እንደሆነ ግን አይበቃም።

ሌላ ሕመም አለመሆኑን ስለ ማረጋገጥ

ጥንቁቅ ሐኪም ሁለት ምስክር ስላገኘ ብቻ መዝገቡን አይዘጋም። አስቀድሞ እርግዝና አለመኖሩን ያረጋግጣል። ቀጥሎም የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞንን ይመረምራል፤ በአንገት ላይ ያለው ይህ ዕጢ ሥራውን ሲያበዛም ሲያሳንስም የወር አበባን ያዛባል። ፕሮላክቲን የተባለውን፣ ጡት ወተት እንዲሰጥ የሚያደርገውን ሆርሞን ይለካል፤ እርሱ በበዛ ጊዜ የወር አበባ ይቀራል፤ አንዳንድ መድኃኒቶችም ሊያበዙት ይችላሉ። ከኩላሊት በላይ የሚገኙት አድሬናል ዕጢዎች በተፈጥሮ ጕድለት ምክንያት የወንድነት ሆርሞን የሚያበዙበት ሕመም ስላለም፣ ለዚህ የተለየ የደም ምርመራ ያዛል።

የወር አበባ ፈጽሞ ከቀረ ደግሞ ኦቫሪው ያለ ጊዜው ሥራውን ማቆም አለማቆሙ ይመረመራል። ክብደት ከልክ በላይ መቀነስና ከባድ የሩጫ ልምምድም የወር አበባን ያስቀራሉ፤ በሩጫ በታወቁት በኢትዮጵያና በኬንያ ይህ ሊዘነጋ አይገባውም። የጠጕሩ መብዛት በጥቂት ወራት ውስጥ ድንገት የመጣ፣ ድምፅም እንደ ወንድ የጐረነነ እንደሆነ ግን ሆርሞን የሚያመነጭ ዕባጭ ሊኖር ስለሚችል ምርመራው ሊዘገይ አይገባውም።

መድኃኒትን በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በኢትዮጵያም በኬንያም ብዙ ሴቶች የወሊድ መከላከያ መርፌ ይወስዳሉ፤ መርፌውም ራሱ የወር አበባን ሊያስቀር ይችላል። የመከላከያ እንክብል ደግሞ በደም ውስጥ ያለውን የአንድሮጅን መጠን ዝቅ ስለሚያደርግ የሆርሞን ምርመራውን ያሳስታል። ሐኪሙ ይህን ምርመራ ካስፈለገው እንክብሉ ቢያንስ ለሦስት ወር እንዲቋረጥና በሌላ መከላከያ እንዲተካ ሊያዝ ይችላል። ሴቲቱ በገዛ ፈቃዷ ማቋረጥ አይገባትም፤ የምትወስደውን ሁሉ ግን ሳትሸሽግ ልትናገር ይገባል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው ለዚህ ዐይነቱ ነገር ነው።

በኢምባካሲ የምትኖር አንዲት ሴት ምን ታድርግ?

ለምሳሌ ያህል በፓይፕላይን የምትኖር የ28 ዓመት ኢትዮጵያዊት እንውሰድ። ካገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ የወር አበባዋ በየሁለት ወሩ ይመጣል፤ ልጅ አልወለደችም። አንድ ቀን በሰፈሯ ካለው ክሊኒክ ገብታ አልትራሳውንድ ብቻ ተነሥታ ትወጣለች። በዚህ ጊዜ ሁለት ስሕተቶች ሊደርሱባት ይችላሉ።

አንደኛው፣ ሥዕሉ ብዙ ከረጢት ስላሳየ ብቻ ሌላ ጥያቄ ሳይጠየቅ «ሕመሙ አለብሽ» መባል ነው። የታይሮይድ ሕመም ወይም የፕሮላክቲን መብዛት ቢኖርባት ሳይታወቅ ይቀራል፤ መድኃኒቱም ለማይገባው ሕመም ይሰጣል። ሁለተኛው፣ ሥዕሉ ደኅና ስለሆነ «ምንም የለብሽም» ተብላ መሰናበት ነው። የወር አበባዋ የተዛባና አገጭዋ ላይ ጠጕር የሚበቅልባት ብትሆን፣ ሁለቱ ምስክሮች ሳይሰሙ ፍርድ ተሰጠ ማለት ነው። ሁለቱም ስሕተት ከአንድ ምንጭ ይመጣል፤ ይኸውም ሥዕሉን ከሴቲቱ ቃል ማስበለጥ ነው።

ይህች ሴት በማታቱ፣ በናይሮቢ የሕዝብ መኪና ተሳፍራ ከሩቅ ሳትሄድ የምታገኘው ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል በካንጉንዶ መንገድ አጠገብ ያለው ማማ ሉሲ ኪባኪ ሆስፒታል ነው። በቀድሞ የኬንያ ፕሬዚዳንት ባለቤት ስም የተሰየመው ይህ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው በከተማው ምሥራቅ ያለውን እጅግ ብዙ ሕዝብ ለማገልገል ነው። ከዚያ የሚያልፍ ጕዳይ ሲኖር የአገሩ ዋና ሆስፒታል ወደ ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1901 ወደ ተመሠረተው ወደ ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ይላካል። በአዲስ አበባም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 ልጅ ለመውለድ የተቸገሩትን የሚረዳ ማዕከል ከፍቷል። ነገር ግን የምርመራው መጀመሪያ ወዴትም ሳይሄዱ በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊሠራ ይችላል፤ ቀኖቹን መጠየቅ፣ ጠጕሩን መመልከት፣ ክብደትንና የደም ግፊትን መለካት፣ እርግዝናን መመርመር ታላቅ መሣሪያ አይፈልግም።

በባዕድ አገር የቋንቋ ችግር ይጨመርበታል። በአማርኛ «የወር አበባ» እንላለን፤ በትግርኛም «ወርሓዊ ጽግያት» ይባላል፤ እርሱም ያው የወር አበባ ማለት ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ነገሩን በአበባ ስም በክብር ጠርተውታል፤ ሆኖም በሁለቱም ቋንቋ በሰው ፊት ለመናገር ይታፈራል። ስለዚህ ሴቲቱ እንግሊዝኛ ወይም ስዋሂሊ የማታውቅ እንደሆነ አስተርጓሚዋ የሰፈር ልጅ ወይም የባል ባልንጀራ ሊሆን አይገባውም። የምታምናት ሴት ብትገኝ መልካም ነው። ባልም አብሮ የሄደ እንደሆነ፣ ሐኪሙ ለሚስቱ ያቀረበውን ጥያቄ እርሱ ፈጥኖ ከመመለስ ይታገሥ።

ስለ ልጃገረዶች

ወላጆች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ልጃገረድ የወር አበባ ማየት በጀመረች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀኑ መዛባቱ፣ ፊቷም ብጉር ማውጣቱ የተፈጥሮ ነገር ነው። በዚያ ዕድሜ ኦቫሪው ብዙ ከረጢት ማሳየቱም የተለመደ ነው። ስለዚህ መመሪያው የወር አበባ ከጀመረ ስምንት ዓመት እስኪሞላ ድረስ አልትራሳውንድም ሆነ የአንቲ ሙለሪያን ሆርሞን ምርመራ ለዚህ ሕመም ማስረጃ እንዳይሆን ይከለክላል። ለልጃገረዶች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምስክሮች ሁለቱም በአንድነት መገኘት አለባቸው። አንዱ ብቻ የተገኘ እንደሆነ «ልትጠበቅ የሚገባት» ተብላ ትመዘገባለች፤ ሕክምናም የሚያስፈልጋት ምልክት ቢኖር ይሰጣታል፤ ካደገች በኋላም እንደገና ትመረመራለች።

ይህ ማለት ግን ምልክቱ ችላ ይባል ማለት አይደለም። 15 ዓመት ሞልቷት የወር አበባ ያላየች ልጅ፣ ወይም ካየች ከአንድ ዓመት በኋላ በመካከሉ ከ90 ቀን በላይ የቀረባት ልጅ ወደ ሐኪም መቅረብ አለባት። የአሥራ አራት ዓመት ልጅን በአንድ ሥዕል ምክንያት «ወደ ፊት አትወልድም» ብሎ ማስፈራራት ግን ታላቅ በደል ነው፤ ቃሉ ዕድሜ ልኳን ይከተላታልና።

ሕመሙ ከታወቀ በኋላ

አንዳንድ ሰው «ልጅ ካልፈለገች ቢታወቅ ምን ይጠቅማታል?» ይል ይሆናል። ጥቅሙ ብዙ ነው። የወር አበባ ለብዙ ወራት ሲቀር የማሕፀን ውስጠኛ ግድግዳ ሳይታደስ እየወፈረ ይሄዳል፤ ይህም ለረጅም ጊዜ የቈየ እንደሆነ ለካንሰር የማጋለጥ ኀይል አለው፤ በመድኃኒት ግን መከላከል ይቻላል። ሕመሙ ያለባቸው ሴቶች ለስኳር በሽታ ከሌሎች ይልቅ የተጋለጡ ስለሆኑ፣ ሕመሙ እንደ ታወቀ 75 ግራም ስኳር በውሃ ተበጥብጦ ጠጥተው ከሁለት ሰዓት በኋላ ደማቸው እንዲለካ ይመከራል፤ ይህም በየአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይደገማል። የደም ግፊትና የደም ቅባትም ይመረመራሉ። መመሪያው የሐሳብንና የመንፈስ ጭንቀትን ነገር ሐኪሙ እንዲጠይቅ ያዝዛል፤ ሕመሙ በመልክም በትዳርም ላይ ስለሚመጣ ኀዘንን ያስከትላልና።

ልጅ ለሚፈልጉት ደግሞ መልሱ ተስፋ ያለው ነው። ይህ ሕመም ያለባት ሴት መካን አይደለችም፤ ችግርዋ ዕንቍላሉ በየወሩ በጊዜው አለመውጣቱ ነው። ዕንቍላል እንዲወጣ የሚረዱ መድኃኒቶች አሉ፤ ከእነርሱም በመመሪያው ቅድሚያ የተሰጠው ሌትሮዞል የሚባለው ነው፤ የሚታዘዘውም በሐኪም ብቻ ነው። ብዙዎች በዚህ እርዳታ፣ ሌሎችም ያለ እርዳታ ወልደዋል። ባልና ሚስት አንድ ዓመት ሞክረው እርግዝና ያልመጣ እንደሆነ፣ ሴቲቱ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነችም ስድስት ወር ሲሞላ፣ ሁለቱም ሊመረመሩ ይገባል። የወር አበባዋ የተዛባ ከሆነ ግን ይህን ያህል መጠበቅ አያስፈልግም።

«ሁለቱም» ያልነው በከንቱ አይደለም። ልጅ አለመውለድ ብዙ ጊዜ ከወንዱም በኩል ይመጣል፤ የወንድ ዘር ምርመራም ከሴቲቱ ምርመራ ሁሉ የሚቀልል ነው። ሚስቱን ከሐኪም ወደ ሐኪም እየላከ እርሱ ራሱ አንድ ቀን ለመመርመር እንቢ የሚል ባል፣ ጕዳዩን በግማሽ ማስረጃ እንደሚወስን ሹም ነው። ወደ ጸበል የሚሄዱትንም አንነቅፍም፤ እምነትና ሕክምና ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ፤ የታዘዘውን መድኃኒት ማቋረጥ ግን አይገባም።

አንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በመሥሪያ ቤት መዝገብ የምትመረምሩ፣ ለሰው አቤቱታ ውሳኔ የምትሰጡ ናችሁ። ማስረጃው ሳይሟላ ውሳኔ መስጠት በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በየቀኑ ታያላችሁ። በቤታችሁም ያንኑ ሥርዓት ጠብቁ። የሚስታችሁ ወይም የልጃችሁ የወር አበባ የተዛባ እንደሆነ ቀኑን በደብተር እንድትጽፍ እርዷት፤ ሁለቱ ምስክሮች ተሰምተው፣ ሌሎቹም ሕመሞች ተመርምረው እስኪጠናቀቅ ድረስ ስም አታውጡላት፤ ጎረቤትም እንዲያወጣላት አትፍቀዱ። ወደ ሐኪም በምትሄድበት ቀን አብራችኋት ሂዱ፤ ሐኪሙ እናንተንም ለምርመራ የጠራ እንደሆነ በደስታ ቅረቡ።